ሹም የተቀመጠበት ዱዓ

ቀትር ላይ የዓደን ሰው ሁሉ ይተኛል፤ እኔን ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። ሌሊቱን በዓይኔ ስላሳለፍኩት አሁን እንኳ ይጥለኛል ብዬ ነበር፣ አልጣለኝም። ጌታዬ ዓረቡ መጋዘኑን ገርበብ አድርጎ ቤቱ ገብቷል፣ ግመሎቹ እንኳ ግድግዳ ጥግ ተንበርክከው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ከኋላዬ የፍየል ቆዳ እስከ ጣሪያው ተከምሮ ጨውና ሞራ ይሸታል፣ እኔ በሰሌኑ ላይ በጎኔ ተጋድሜ ያንኑ አንድ ነገር አገላብጣለሁ፤ ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ሷሊሕ ቤት ልሂድ ወይስ ልቅር። ልሂድ ስል ልጄ ሙሚና ትመጣብኛለች፣ ልቅር ስል ይህ መጋዘን ይመጣብኛል። ሥራዬ ቆዳ መለየት ነው፣ የተበሳውን ከደህናው፣ የበጉን ከፍየሉ። ቆዳው ከጅቡቲ በጀልባ ይመጣል፤ ከየት አገር እንደተገፈፈ የሚነግረኝ የለም፣ እኔ ግን ቀይ ፍየል ሳይ የአገሬ የሮቢት ነው እላለሁ፣ እጄን በጠጉሩ ላይ አሳልፋለሁ፣ ከዚያ ማን አየኝ ብዬ ዞር እላለሁ። ቆዳ መዳበስ ምን ያስፈራል? አያስፈራም። ዞር ማለት ግን ለምዶብኛል።

ሷሊሕ የአሊዩ አምባ ሰው ልጅ ነው። አባቱን አውቀዋለሁ፣ በወጣትነታችን አብረን ግመል ነድተን በአፋር በረሃ ታጁራ ወርደናል። ልጁ ጣሊያን ሳይገባ ነው ወደዚህ የተሻገረው፤ ሻይ ቤት ከፍቷል፣ ሐሙስ ሐሙስ ከይፋት ቆላ የተሰደድነውን ሰብስቦ ጫት ያስቅመናል፣ ዱዓ ያስደርገናል። ትናንት እስከ መጋዘኑ ድረስ መጣ፣ ጥላ ፈልጎ ቆመ፣ ላቡን ጠረገና "ጋሼ አብዱልወሃብ፣ ነገ እንዳይቀሩ አንቱ" አለኝ። "የጣሊያኑ ምላስ መጥቷል። ጀይላን።" ጀይላን ሸዋ ሮቢት ላይ ለጣሊያኑ ካፒቴን አስተርጓሚ የነበረው ነው። ጎረቤቴን ከቢርን ያሳሰረው እሱ ነው እያልን ነው እዚህ የኖርነው። ምን ሊሠራ መጣ ብዬ ጠየቅሁት፤ ሷሊሕ ከንፈሩን ገለበጠ፣ ነጋዴ ነኝ ይላል፣ የሚነግደው ነገር ግን አይታይም፣ ማን ምን እንደሚል ቆጥሮ ሊመለስ ነው እንጂ አለኝ። "እና ምን እናደርጋለን መሰልዎ? እንጠራዋለን። ከመሀል እናስቀምጠዋለን። ከዚያ ጌታውን ስሙን እየጠራን እንሰድብለታለን፣ አንቱም አሚን ይላሉ። ወስዶ ይንገር።" እኔ ኢንሻአላህ አልኩት፤ መሄድም መቅረትም ያልሆነ ቃል ፈልጌ። ሷሊሕ ገብቶታል። ፈገግ ብሎ ሄደ።

የሚሰደበው እዚህ ነው፣ የሚመታው እዚያ ነው፤ ሷሊሕ ይህን አያስብም፣ ሮቢት ላይ ማንም የለውማ። እኔ ሙሚና አለችኝ። ባሏ አብዱልሀኪም ከሞፈርና ከቀንበር በቀር የሚያውቀው የለም፣ ሁለት ልጆች አሏቸው፣ ታናሹ ከወጣሁ ወዲህ የተወለደ ነው፣ አላየሁትም። ቃል ከሰው ቀድሞ አገር ይገባል። እዚህ ሻይ ቤት ውስጥ የተባለ ነገር በጀልባ ታጁራ ይሻገራል፣ ከጨው ጫኞቹ ጋር በረሃውን ያቋርጣል፣ አሊዩ አምባ ገበያ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ሮቢት ለመድረስ የሚያግደው የለም። አሚን ብል፣ አንድ ቀን አንድ የጣሊያን ወታደር፣ አስካሪ፣ የሙሚናን ደጃፍ ይቆማል፣ የዚያ ሽማግሌ ልጅ አንቺ ነሽ ይላታል። ባልልስ? ባልሄድስ? ከዚያ ወዲያ ሐሙስ የለኝም ማለት ነው። ስድስቱን ቀን ከዓረቡ ጋር የምነጋገረው አምጣ፣ ውሰድ፣ ጨው፣ ገመድ ነው፤ ሐሙስ ብቻ ነው የራሴን ንግግር በሌላ ሰው አፍ የምሰማው። ባለፈው ሐሙስ ራስ ምታት አሞኝ ቀርቼ አንድ ማለዳ ለቆዳዎቹ ሰላምታ ስሰጥ ራሴን አገኘሁት። እንዴት አደራችሁ ብያለሁ።

ይህ አገር ወጉ አይገባኝም። የመጣሁ ቀን ወደብ ላይ አንድ የእንግሊዝ ጸሐፊ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ በሶማሌ አስተርጓሚ ያስጠይቀኛል፣ ከማን ሸሽተህ መጣህ ይለኛል። ግራና ቀኜን አየሁ። ማንም አልነካኝም፣ መንግሥቱ ደህና ነው አልኩ። የትኛው መንግሥት አለ። የትኛውም አልኩት። ሶማሌው ሳቀ፣ ሲነግረው እንግሊዙም ሳቀ፤ ታዲያ መንግሥት ሁሉ ደህና ከሆነ ባሕር ምን አሻገረህ አለኝ። ጽፎ አንድ ወረቀት ሰጠኝ፣ እስካሁን ከደረቴ አላወጣሁትም። ሌላ ቀን ደግሞ ኢብሮ፣ የቀወቱ ኢብሮ፣ ወደብ ላይ ጆንያ የሚሸከመው፣ ሷሊሕ በር ላይ ቆሞ የከተማውን የእንግሊዝ ገዢ በስድብ ያወርደዋል፤ ባሕር ዳር ተቀምጦ ውሃ በገንዘብ የሚሸጥ ሹም የት አገር አለ፣ ዝናብ ቢዘንብ ቀረጥ ሊጥልበት ነው፣ ሆዱን አይታችሁታል ወይ እያለ። ከጎኑ ፖሊስ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ ልወጣ ነው፣ ፖሊሱ ቀና ብሎ ኢብሮን አየው፣ አሁን ያዘው አልኩ። ስኳር አቀብለኝ አለው። ኢብሮም አቀበለውና ስድቡን ካቆመበት ቀጠለ። ሰዎቹ በዚህ ይኮራሉ፣ እዚህ አፍ ነፃ ነው ይላሉ። እኔ ግን ያን ቀን ያሰብኩት ሌላ ነው። ስድቡ ለማን ደረሰ? ገዢው አልሰማ፣ ውሃው አልረከሰ፣ ፖሊሱ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። እንዲህ ዓይነቱን ንግግር የእኛ ሰው ምን እንደሚለው አላውቅም።

እኛ ዘንድ ሹም የሚነቀፍበት ወግ አለው። አባቶቻችን እንዲህ ነው ያስተማሩን፤ ሹምን በሌለበት ስሙን አንሥቶ ማማት የወንድምን ሬሳ እንደመብላት ነው፣ ሼሆቹ ቁርኣን ጠቅሰው ይነግሩናል። ፊት ለፊቱ ቆሞ መናገርም ድፍረት ነው፣ ሹሙን ከሰው መሀል ያዋርደዋል፣ የተዋረደ ሹም ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ሹሙ ዱዓ ላይ ይጠራል። እስላም ቢሆን ክርስቲያንም ቢሆን ይጠራል። ከላይ ይቀመጣል፣ ለጋ ጫት ከፊቱ ይደረግለታል፣ የዱዓው አባት እጁን ዘርግቶ አስቀድሞ ይመርቀዋል፤ ከምርቃቱ ቀጥሎ በደሉን ለፈጣሪ ይነግራል፣ ለሹሙ አይደለም፣ ሹሙ ግን ይሰማል። ሰው ሁሉ አሚን ይላል፤ ሹሙም አሚን ይላል። አሚን ባለበት ነገር ቂም አይያዝም። ይህ ነው ሕጉ። እንግዲህ ዱዓው እንዳይበርድ ከዱዓ አባቱ ጎን አሚን ባይ የሚሉት ይቀመጣል፣ ድምፁ የሚሰማ ሰው፣ እሱ ሲያነሣ ሌላው ይከተለዋል፤ የተናገረው አንድ ሰው ቢሆንም አሚኑ የአገር ስለሚሆን ተናጋሪውን ብቻውን የሚያወጣው የለም። የሮቢቱ አሚን ባይ እኔ ነበርኩ። ፈሪ መሆኔን ሁሉም ያውቃል፣ ግን ድምፅ ከአላህ ነው፣ ተሰጥቶኛል።

በልጅነቴ ፊታውራሪ ተሰማ የሚባል ሹም ነበረን፣ ከደጋ የወረደ ክርስቲያን፣ ትልቅ ሰው። በቅሎዎቹ ማሽላችን ውስጥ ገቡ፣ ጠባቂዎቹ ዝም አሉ፣ ሰው ልቡ ቆሰለ። የከቢር አባት ሙሄ ዱዓ አስደረገና ጠራው። ተሰማ መጣ፣ ሰይፉን በር ላይ ሰጥቶ ከመሀል ተቀመጠ። ሙሄ እጁን ዘረጋ፤ "ያ ረቢ፣ ለጌታችን ለተሰማ ጤናና ዕድሜ ስጥልን። በቅሎዎቹን ከማሽላችን መልስልን። ከእኛ ጋር አጥግበው፣ ብቻውን አታጥግበው።" የተሰማ ፊት ጠቆረ፣ ጢሙን ያዘ፣ ሁላችንም የሱን አፍ እናያለን። ከዚያ እንደ ክርስቲያኖቹ ወግ አሜን አለና ሳቀ፣ "ሙሄ፣ ከሰው ፊት ቢሆን ይግባኝ እል ነበር፣ አንተ ከአምላክ ፊት ከሰስከኝ" አለው። በማግስቱ በቅሎ የሚባል ማሳችን ውስጥ አልታየም። ከቢር ይህን አይቶ ነው ያደገው። እኔም አይቼ ነው። ልዩነታችን እሱ አይቶ አመነ፣ እኔ አይቼ የተሰማ ፊት የጠቆረበት ያ አፍታ በሆዴ ቀረ።

ጣሊያኑ ከመንገዱ ጋር መጣ። ካፒቴን ነው፣ ቁመተ አጭር፣ ልጅ ያለው ይመስላል፣ ሕፃናት ሲያይ ከረሜላ ይሰጣል። እስላሞችን እወዳለሁ ይላል፤ ለመስጊዳችን ቆርቆሮ ሰጠ፣ መውሊድ ላይ ይመጣል፣ እያዞረ ፎቶ ያነሣናል። ይህን እየሰጠ ወንዱን ሁሉ ለመንገድ ድንጋይ ፈለጣ ወሰደው። ወሰደው ሲባል በየትኛው ወር መሰላችሁ፣ ማሽላው እሸት ሲይዝ፣ ግሪሳ ወፍ የሚወርድበት ጊዜ። ያኔ ወንድ ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ ከጎህ እስከ ጀንበር ግባት ወንጭፉን ካላጮኸ ማሽላ የሚባል የለም። ሴቶችና ሕፃናት ማማው ላይ ወጡ፣ ቆርቆሮ ደበደቡ፣ ጮኹ፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹ፣ ወፉ ግን ደመና ነው፣ ከአንዱ ማሳ ተነሥቶ ሌላው ላይ ያርፋል። ከመንገዱ ላይ ሆነን እናየዋለን። መዶሻው በእጃችን ነው፣ ወፉ እማሳችን ላይ ነው። ከቢር ከጎኔ ድንጋይ እየፈለጠ፣ ሰውዬው መውሊድ ላይ ሲመጣ ዱዓ አደርግበታለሁ አለኝ። ከቢር፣ ይህ ሰው ወጋችንን አያውቅም አልኩት። "ቆርቆሮ የሰጠ ሰው ነገር ይሰማል። እዱዓ ላይ ከተቀመጠና አሚን ካለ ሌላ ምን ቀረው?" አለኝ። ክፋት የለበትም ከቢር። ሹም ሁሉ ተሰማ ይመስለዋል። አንተ ብቻ ከጎኔ ተቀመጥ፣ ሌላውን ለእኔ ተው አለኝ፤ እሺ አልኩት፣ እምቢ የሚባልበት ቃል አጥቼ።

የመውሊዱ ዕለት ካፒቴኑ ከላይ ተቀምጧል። ጫቱን በሁለት ጣቱ ይዞ ይስቃል፣ ጀይላን ከጆሮው ሥር ተንበርክኮ ያንሾካሹክለታል። ከቢር እጁን ዘርግቷል፣ መዳፉ በመዶሻው ተላልጧል፣ ከጎኑ ስለሆንኩ አየዋለሁ። "ያ ረቢ፣ በመሀላችን ለተቀመጠው ሹም ጤና ስጠው። ዓይንም ስጠው፣ ማሽላችንን ይይበት። ድንጋይ ላይ ያዋላቸውን እጆች ለወንጭፋቸው መልስልን። የሚገዛን ሰው ከሆነ፣ ሰው አድርገህ አኑርልን።" ይህን የመጨረሻውን አላማከረኝም። እኔ ግን አሚን ብዬ ነበር። ከማሰቤ በፊት፣ የኖርኩበት ልማድ ነውና፣ እንደ ማስነጠስ ወጣ፣ ድምፄ የመስጊዱን አዲስ ቆርቆሮ መትቶ ወደ ጆሮዬ ሲመለስ ነው ያልኩትን የሰማሁት። የሌላው ሰው አሚን ቀጭን ነበር፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። የጀይላን አፍ እየተንቀሳቀሰ ነው። አይቆምም፤ ከቢር ከተናገረው በላይ ይናገራል፣ ጨምሮ እየነገረው ነው አልኩ በልቤ፣ አለቀልን አልኩ። ካፒቴኑ ሰምቶ ሲጨርስ ፈገግ አለና በራሱ አነጋገር አሚን አለ። ከዚያ ከቢርን አላየም። ድምፄ ስለበለጠ ይሆናል እኔን አየኝ፣ ትክ ብሎ፣ ባርኔጣውን በጣቱ ነካ። ያ ፈገግታ እስካሁን አልለቀቀኝም። የተሰማ ፊት ጠቁሮ ነበር፣ የጠቆረ ፊት ይነጻል። የሚስቀውን ሰው ግን መቼ ይመታል ብለህ ታውቃለህ?

በማግስቱ ገበያተኛ መስዬ አህያዬን ነዳሁ። ጥጥ ጫንኩባት፣ አሊዩ አምባ ልሸጥ ነው አልኩ። ለሙሚና ብቻ ነገርኳት፣ ልጅዋን አዝላ በር ላይ ቆማ ሰማችኝ። "አባዬ፣ ከቢርስ?" አለችኝ። አህያዋን ጫንኩ፣ ገመዱን አጠበቅሁ፣ ደህና የጠበቀውን ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። ለከቢር ብነግረው ለምን ትሸሻለህ ይለኛል፣ በዱዓ የተባለ ነገር ቂም የለውም ይለኛል፣ ያሳፍረኛል፤ ስለዚህ በማሳው ጥግ አልፌ አልጠራሁትም። ማሽላዬ እንደቆመ ቀረ። አህያዋን ከነጥጡ አሊዩ አምባ ሸጥኩ፣ ከጨው ጫኞቹ ጋር በረሃውን ገባሁ፣ ወጣት ሆኜ የማውቀው መንገድ አሁን አላወቀኝም፣ እግሬ ተሰነጣጥቆ ታጁራ ደረስኩ። እዚህ ከገባሁ በኋላ አንድ ቆዳ ነጋዴ ከቢር ሙሄ ተይዟል ብሎ ነገረኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ ምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። ልክ ነበርኩ አልኩ። ኀዘኑ በኋላ መጣ፤ መጀመሪያ የመጣው ልክ ነበርኩ የሚለው ነው፣ ብቆይ ኖሮ እኔም ነበርኩ፣ ጥንቃቄዬ አዳነኝ። በዚህ ነው የኖርኩት። ሰው በባዕድ አገር የሚደገፍበት ነገር ያስፈልገዋል።

የዐስር አዛን ተሰማ። ሰግጄ ጨረስኩ፣ አልሄድም ብዬ ወሰንኩ፣ ከዚያ ጫማዬን አደረግሁ። የጥቁሩ ተራራ ጥላ ከተማው ላይ ወድቋል፣ ውሃ ሻጩ በግመል ጋሪው እየጮኸ ያልፋል፣ እኔ የግድግዳውን ጥግ ይዤ እሄዳለሁ። ከበሩ ሆኜ አይቼ እመለሳለሁ ብዬ ነው፣ ሰው ከሞላ እመለሳለሁ፣ ካልሞላም እመለሳለሁ። ሷሊሕ በሩ ላይ ጠበቀኝ። "አውቄያለሁ እንደሚመጡ፣ ይግቡ ጋሼ፣ ቦታዎን ይዘንልዎታል" አለ፣ ክንዴን ይዞ አስገባኝ። ጀይላን ከመሀል ተቀምጧል፣ ከላይ፣ ሹም የሚቀመጥበት። ከስቷል። ሮቢት ላይ ያደርገው የነበረው የቆዳ ጫማ የለም፣ ሽርጥ ታጥቋል፣ እግሩን ሊደብቅ ይሞክራል፣ ተረከዙ ተሰነጣጥቋል፤ የጨው በረሃ የበላው ተረከዝ አውቃለሁ፣ የራሴን አይቻለሁ። ለመንግሥት የሚሠራ ሰው በባቡር ጅቡቲ ይወርዳል እንጂ በረሃውን በእግሩ አያቋርጥም። ይህን አሰብኩና ወደ ቦታዬ አለፍኩ። ሰላምታ ሰጠኝ፣ ተነሥቶ፣ ሁለት እጄን ይዞ። እኔ የጣቴን ጫፍ ሰጠሁት።

ኢብሮ ጀመረ። ካፒቴኑን ከነስሙ ጠርቶ፣ እናቱን ጠርቶ፣ ቁመቱን ጠርቶ፣ ባርኔጣውን ብታነሡለት ከሥር የሚተርፍ ሰው የለም አለ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ሌላው የጣሊያንን ንጉሥ አነሣ፣ ሌላው በንጉሡ ላይ የሚያዘውን። ሷሊሕ ሻይ እየቀዳ፣ ጀይላን ሆይ አንዱም ቃል እንዳያመልጥህ፣ ጨምረህ መንገርማ ታውቅበታለህ አለው። ጀይላን የጫቱን ቅጠል በጣቱ ይዟል፣ አፉ አላደረሰውም፣ አልተቆጣም፣ አልሳቀም። ኢብሮ በመጨረሻ እጁን ዘርግቶ፣ ያ ረቢ፣ ጌታውን ከነምላሱ ቁረጥልን አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። "ጋሼ፣ አሚን አይሉም?" አለ ሷሊሕ። አፌን ከፈትኩ። በዓይኔ ሙሚና በር ላይ ልጅዋን አዝላ ቆማለች። አስካሪው ደጃፍዋን ይዟል። ውሃ ስጡኝ አልኩ፣ ቤቱ ሳቀ፣ ኢብሮም አሚኑ በገንዘብ ነው የሚሸጠው፣ እንደ እንግሊዝ ውሃ አለ። ያን ጊዜ ጀይላን ዱዓውን ለእኔ ስጡኝ አለ፣ ቀስ ብሎ። ዱዓ የለመነ እንግዳ አይከለከልም፣ ይህን ኢብሮም ያውቃል። ሳቁ ቀረ።

እጁን ዘረጋ። በሰው አገር ላለነው ሁሉ ጤና ለመነ፣ ጥቂቶች አሚን አሉ። ከዚያ "ያ ረቢ፣ እኔን ውሸታሙን ማረኝ" አለ። "ከቢር፣ ሰው አድርገህ አኑርልን ሲል፣ እኔ ለካፒቴኑ፣ እንደ አባት ያቆይልን ይላል ብዬ ነገርኩት። ማሽላውን ምርቃት አደረግሁት፣ ወንጭፉን ምርቃት አደረግሁት። ደስ ብሎት አሚን አለ። ሽማግሌውንም ድምፁ ያምራል አለ።" ማንም አሚን አላለም። ኢብሮ ሻዩን ከአፉ መለሰ። እኔ የማየው የጀይላንን አፍ ነው፣ ያን ጊዜ ያልቆመውን አፍ፤ እየጨመረ አልነበረም፣ እየሸፈነ ነበር።

"ያ ረቢ፣ ለጋሼ አብዱልወሃብ ጤናና ዕድሜ ስጥልን" አለ። ስሜን ሲጠራ ሁሉም መሬት መሬት አየ። "አሚን ብለው ሄዱ። ማሽላቸው ሳይታጨድ ቆሞ ቀረ። ካፒቴኑ በዚያ ሲያልፍ አየውና ይህ የማን ነው አለ። የዚያ የድምፀ መልካሙ ነው ሲሉት፣ ንጹሕ ሰው እሸቱን ትቶ አይሸሽም፣ ያን ቀን ምን ተብሎ ነበር አለ። ከቢርን አስጠራው፣ ከአስካሪዎቹ ሌላ አስተርጓሚ አቆመበት። ከቢርም በዱዓ ያልኩትን በሹም ፊት አልክድም ብሎ ቃል በቃል ደገመለት። እሱ ወደ እስር ቤት ሄደ፣ እኔ ውሸቴ ተገልጦ ወደ በረሃ፤ እዚያ ስደበቅ ከረምኩ። ያ ረቢ፣ የጋሼን ፍርሃት አንሣላቸው። ብቻቸውን አትተዋቸው። ከእኛ ጋር አሳርፋቸው።"

እጁ እንደተዘረጋ ነው። የሌላውም ሰው እጅ እንደተዘረጋ ነው። ምን ይጠብቃሉ ብዬ ቀና ስል አሚን ባዩ እኔ ነኝ፣ እኔን ነው የሚጠብቁት። ይህ ልጅ ከጀልባ ወርዶ ወደብ ላይ ሊያማኝ ይችል ነበር፣ ሻይ ቤት ለሻይ ቤት ሊያወራኝ ይችል ነበር፤ አላደረገውም፣ እስክመጣ ጠብቆ፣ አስቀድሞ መርቆ፣ ፊቴ ነገረኝ፣ ለእኔ አይደለም፣ ለፈጣሪ። አሁን ከላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ፊቴ ጠቁሯል፣ ይሰማኛል። ልክ ነበርኩ የሚለው የተደገፍኩበት ነገር ከሥሬ ሄዷል፣ ከቢር እማሳው ጥግ ቆሟል፣ አሁንም አልጠራሁትም። ተሰማ ጢሙን ያዘ፣ እኔም ጢሜን ያዝኩ። እንዲህ ነው ለካ፣ አሚን ማለት ከዚህ በኩል እንዲህ ይከብዳል።

አሚን አልኩ። ከዚያ እንደገና፣ በዚያ በድሮው ድምፅ፣ የሷሊሕ ብርጭቆዎች ተንጫጩ። ኢብሮ ተከተለኝ፣ ሷሊሕ ተከተለኝ፣ ሁሉም። ጀይላን እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈና ወረደ፣ ከጎኔ መጥቶ ተቀመጠ። ሳልጠይቀው ነገረኝ፤ ሲወጣ ከቢር በሕይወት ነበር፣ ከዚያ ወዲህ አያውቅም፤ ሙሚናን ማንም አልነካትም፣ ማሽላ ሲደርስ ማማው ላይ የምትወጣው እሷ ናት፣ የእኔንም የከቢርንም ማሳ የምትጠብቀው፣ የከቢር ልጆች ድንጋይ ያቀብሏታል፣ ወንጭፍ ተምራለች፣ ወንድ ታስንቃለች አለ። ሰዎቹ ቀስ በቀስ ወሬ ጀመሩ፣ ካፒቴኑን ግን ያነሣው የለም። ሷሊሕ ሻይ ከፊቴ አስቀመጠ፣ ዓይኔን አላየም። ወደ ሮቢት የሚወርድ ሰው ብታገኝ አልኩት፣ አብዱልወሃብ ስሙ በተነሣበት ዱዓ ተቀምጦ አሚን ብሏል ይበልልኝ፣ ለሙሚናም ለከቢር ልጆችም። ኢብሮ ከወዲያ ሰምቶ፣ "ቀስ ብለው ነው ያሉት እንበል ጋሼ፣ ወይስ ጮክ ብለው?" አለ።

"ጮክ ብዬ ነው" አልኩት። ከዚያ ለምዶብኛልና ወደ በሩ ዞር አልኩ። ማንም አልነበረም።